ልጅ ንጉሥ አፍኖ የወሰደው ሊቀ ጳጳስ እንዴት ቅዱስ ተባለ? ስለ ኮሎኙ አኖ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ የነበረው አኖ ዳግማዊ አንድን ልጅ ንጉሥ በመርከብ አታልሎ እንደ ወሰደ፣ በኋላም የገዛ ከተማውን ሰዎች ዐይን እንዳስጠፋ አነበብሁ። ይኸው ሰው ግን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ተቈጥሯል። ለመሆኑ ጳጳስ እንዴት መስፍን ይሆናል? እንዲህ ያለ ሥራ የሠራስ ሰው እንዴት ለቅድስና በቃ?»

ያነበቡት በመሠረቱ ትክክል ነው። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ትንሽ መስተካከል አለበት። ጥያቄው አኖ ሁለት ሕይወት እንደ ነበረው፣ አንደኛው የመንፈሳዊ አባት፣ ሁለተኛው የዓለማዊ ገዥ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊከለክለው ይገባ እንደ ነበር ይገምታል። አኖ ራሱ ነገሩን እንዲህ ከፍሎ አላየውም፤ ገዳማቱን የተከለው በገዥነቱ ባገኘው ሀብት ሲሆን፣ የገዥነቱንም ሥልጣን የያዘው ጳጳስ ስለ ነበረ ነው። ያም ሆኖ እርስዎን የከነከነዎት ነገር የእኛ ዘመን ሰዎች ስሜት ብቻ አይደለም፤ የራሱን ወዳጆችም ከንክኗቸው ነበር፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሹመቱ ምንነት ልጀምር። ከ10ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጀርመን ነገሥታት ለጳጳሳት መሬት፣ የገበያ ቀረጥ፣ ገንዘብ የማተም መብትና የፍርድ ሥልጣን ይሰጡ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለአንድ መኰንን የተሰጠ ግዛት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ውሎ አድሮ ከንጉሡ እጅ ይወጣል፤ ጳጳስ ግን ሕጋዊ ወራሽ የለውም፤ ሲሞት ተተኪውን የሚመርጠው፣ በትረ ጵጵስናውንና ቀለበቱንም በእጁ የሚሰጠው ንጉሡ ነው። በእኛ አነጋገር ጉልቱ ከባለ ጉልቱ ጋር ወደ ንጉሡ ይመለሳል ማለት ነው። ጳጳሱም በለውጡ ፈረሰኛ ጦር ያሰልፋል፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረውን ንጉሥ ከነሠራዊቱ ያስተናግዳል፣ በሸንጎም ይመክራል። ኮሎኝ በዚህ ረገድ የቈየ ልማድ ነበራት፤ የቀዳማዊ ኦቶ ወንድም ብሩኖ ከ953 እስከ 965 የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስም የሎታሪንጊያ መስፍንም ነበር። እርግጥ ነው፣ «መስፍን ጳጳስ» የሚለው ማዕረግ በሕግ የጸናው ከአኖ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ ዳግማዊ ፍሬድሪሽ ለጳጳሳት መሳፍንት ሰፊ መብት የሰጠው በ1220 ሲሆን፣ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ንጉሥ ከሚመርጡት ሰባት መሳፍንት አንዱ መሆኑ በወርቃማው ድንጋጌ የተጻፈው በ1356 ነው። ስለዚህ ቃሉን ለአኖ ስንጠቀም ስሙን ከኋላ ዘመን እየተዋስን መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ነገሩ ግን ያኔም ነበረ።

አኖ ከታላላቅ መሳፍንት ወገን አልነበረም። በ1010 ገደማ በሽቫቤን ምድር ከመካከለኛ ባላባት ቤተሰብ ተወለደ፤ በባምበርግ ካቴድራል ትምህርት ቤት ተምሮ በዚያው አስተማረ። ንጉሠ ነገሥት ሃይንሪሽ ሦስተኛ ወደ ቤተ መንግሥት ወስዶት የቤተ መንግሥቱ ካህን አደረገው፤ ቀጥሎም በጎስላር የነበረችውን፣ ንጉሡ የሚወዳትን የስምዖንና የይሁዳ ቤተ ክርስቲያን አለቅነት ሰጠው። በ1056 መጋቢት ወር የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተቀባ። የከተማው ሰዎች ከዚያ በፊት የለመዱት ከትልቅ ዘር የሚመጡ ጳጳሳትን ስለ ነበር፣ ይህ ሰው ማን ነው ብለው ማጕረምረማቸው ተጽፏል። በእኔ ግምት ኋላ የሚታየው ግትርነቱ፣ መብቴ ተነካ ሲል የሚቀጣው ቅጣት መክበዱ፣ ከዚህ አጀማመር ጋር ዝምድና አለው፤ ዘር የሌለው ሹም ክብሩን የሚያስጠብቀው በሹመቱ ብቻ ነውና።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ንጉሠ ነገሥቱ በድንገት ሞተ። ልጁ ሃይንሪሽ አራተኛ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበርና እናቱ ንግሥት አግነስ እንደራሴ ሆና መንግሥቱን ያዘች። አግነስ ብዙ ጊዜ ደካማ ተደርጋ ትሣላለች፤ እኔ ግን ነገሩ ከድካም ይልቅ የምርጫ ስሕተት ይመስለኛል። ሽቫቤንን፣ ካርንተንንና ባየርንን ለኃያላን መኳንንት አደለች፤ እነዚህ ሰዎች የተሰጣቸውን ይዘው ለሰጪዋ የሚያስቡ አልነበሩም። ምክሯንም በአመዛኙ ከአንድ ሰው፣ ከአውግስቡርጉ ጳጳስ ከሃይንሪሽ፣ ትቀበል ስለ ነበር ሌሎቹ ተከፉ፤ ሐሜትም ተነሣ። በ1061 ደግሞ ለሮም መንበር ሁለት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ተቃራኒ ሆነው ሲነሡ፣ የእርሷ ቤተ መንግሥት በተሐድሶ ፈላጊዎቹ (የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ለማደስ በተነሡት ካህናት) ከተመረጠው ከአሌክሳንደር ዳግማዊ ይልቅ የፓርማውን ጳጳስ ካዳሉስን ደግፎ ሆኖሪዎስ አሰኘው።

በ1062 የጸደይ ወራት የሆነውን በዝርዝር ያቈየልን የሄርስፌልዱ መነኵሴ ላምፐርት ነው። ንጉሡና እናቱ ዛሬ የዱስልዶርፍ ከተማ አካል በሆነችው በራይን ወንዝ ዳር በካይዘርስቬርት ተቀምጠው ነበር። አኖም ወደዚያ መጣ። አንድ ቀን ከግብዣ በኋላ ልጁ ደስ ብሎት ሳለ፣ አኖ በልዩ ጌጥ ያሠራትን መርከብ እንዲያይለት ጋበዘው፤ የ11 ዓመት ልጅ ይህን እንዴት እምቢ ይላል። ገና እግሩ መርከቧን እንደ ረገጠ የአኖ ሰዎች ከበቡት፤ ቀዛፊዎቹም ባንድነት ተነሥተው መርከቧን ወደ ወንዙ መካከል አስፈነጠሯት። ልጁ ሊገድሉኝ ነው ብሎ ራሱን ወደ ውኃው ወረወረ፤ የራይን ፈሳሽም ሊወስደው ሲል የብራውንሽቫይጉ ኤክበርት ተከትሎ ዘልሎ፣ ራሱን ለሞት ሰጥቶ፣ በጭንቅ አወጣው። ከዚያም እያባበሉ ወደ ኮሎኝ ወሰዱት። ሕዝቡ ንጉሣችን ተደፈረ እያለ በወንዙ ዳር እየጮኸ ተከተላቸው። የመንግሥቱ ምልክቶች የሆኑት መስቀልና ቅዱሱ ጦርም በሤረኞቹ እጅ ገቡ።

አኖ ብቻውን አልነበረም። ኤክበርት ከሤራው ውስጥ ነበረበት፤ የባየርኑ መስፍን ኦቶ ዘኖርትሃይምም እንደዚሁ። ኦቶ ባየርንን ያገኘው ከአግነስ እጅ፣ ያውም ገና በ1061 መሆኑን ልብ ይሏል። አግነስም አልተዋጋችም፤ ልጇን ለማስመለስ ጦር አላነሣችም፣ ፍርድም አልጠየቀች፤ ከመንግሥት ሥራ ወጥታ ኋላ ወደ ሮም ሄደች። አኖ ነገሩን ለማለዘብ ንጉሡ በየጊዜው በሚቀመጥበት ሀገረ ስብከት ያለው ጳጳስ የመንግሥቱን ጉዳይ እንዲመራ ደንብ አወጣ፤ ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ሲሆን፣ በተግባር ግን ንጉሡን የያዘው አኖ ስለ ነበር የጠቀመው እርሱን ነው። ልጁ የተደረገበትን አልረሳም። በ1065 በቮርምስ ሰይፍ ታጥቆ ለአካለ መጠን በደረሰ ዕለት የመጀመሪያ ሐሳቡ አኖን በጦር መውጋት እንደ ነበረ፣ የከለከለችውም ያችው እናቱ እንደ ሆነች ላምፐርት ይተርካል።

አፈናው የሥልጣን ጥም ብቻ ነበር ወይ? እዚህ ላይ ከብዙ ጸሐፊዎች በመጠኑ እለያለሁ። አኖ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ የሮሙን ክፍፍል ጕዳይ በአውግስቡርግ ሲኖዶስ አንሥቶ፣ የእኅቱን ልጅ የሃልበርሽታቱን ጳጳስ ቡርቻርድን ወደ ሮም ላከው፤ ቡርቻርድም ለአሌክሳንደር ፈረደ። በ1064 በማንቱዋ በተደረገው ጉባኤ አኖ ራሱ ተገኝቶ የአሌክሳንደር ሹመት ጸና። አግነስ የተከለችውን መንገድ ጀርመን እንዲህ የቀየረችው በአኖ ነው፤ የተሐድሶው ወገን ከዚህ የበለጠ ውለታ ከማንም ጀርመናዊ ጳጳስ አላገኘም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚያሳዝነው፣ ወይም የሚያስቀው፣ ለዚህ ጉዳይ ወደ ኢጣሊያ ሲሄድ የብሬመኑ ሊቀ ጳጳስ አዳልበርት የወጣቱን ንጉሥ ልብ ወስዶበት መቈየቱ ነው። አዳልበርትም በተራው በ1066 መጀመሪያ በመሳፍንቱ ግፊት ከቤተ መንግሥት ተባረረ።

የአኖን ሌላ ገጽ የምናየው በጥቅም ጉዳይ ነው። በ1063 ከንጉሡ ገቢ ሁሉ ዘጠነኛው እጅ ለኮሎኝ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ በንጉሡ ስም የወጣ ደብዳቤ አለ፤ ንጉሡ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ፣ አማካሪውም ራሱ ተቀባዩ ነበር። ወንድሙ ቬርነር የማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የእኅቱን ልጅ ኮንራድን ደግሞ በ1066 የትሪር ካህናትና ሕዝብ ሳይጠየቁ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ አሾመው፤ ኮንራድ ወደ መንበሩ ሲሄድ በመንገድ ተያዘ፣ ከጥቂት ቀናት እስር በኋላም ተገደለ። የአዳልበርትን ታሪክ የጻፈው አዳም ዘብሬመን አኖን በስስት ይከሰዋል፤ አዳም የተቀናቃኙ ሰው ስለ ነበር ቃሉን በሚዛን መቀበል ያሻል። ይኸው አዳም ግን አኖ የሰበሰበውን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ጌጥ እንዳዋለው አልካደም። ይህ ምስክርነት ከጠላት አፍ በመምጣቱ ከብዙ ውዳሴ ይበልጣል።

በዚህ ረገድ የማልሜዲ ጉዳይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ማልሜዲና ስታቭሎ ዛሬ በቤልጅግ ምሥራቅ የሚገኙ፣ በአንድ አበምኔት ሥር የነበሩ መንታ ገዳማት ናቸው። አኖ በ1065 ማልሜዲን ከእኅቷ ነጥሎ ለራሱ ወሰደ። የስታቭሎ መነኮሳት ስድስት ዓመት አቤት አሉ፤ ሰሚ አጡ። በ1071 ንጉሡ ሊዬዥ ከተማ በዓል ሲያከብር የመሥራቻቸውን የቅዱስ ረማክሉስን ዐፅም ተሸክመው ገቡና ንጉሡ በሚበላበት ማዕድ ላይ አኖሩት። እነርሱ እንደ ጻፉት ማዕዱ ተሰብሮ የአንድ ሰው እግር ቀጠቀጠ፣ ያም ሰው በተአምር ዳነ፣ ሕዝቡም ታወከ፤ በመጨረሻ ንጉሡ ማልሜዲን መለሰ። ተአምሩን ማመን አለማመን የአንባቢው ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር፣ ቅዱስ የሚባለው ሰው በሌላ ቅዱስ ዐፅም ተከሶ መረታቱ ነው።

ይሁንና በገዛ ገንዘቡና በጕልበቱ ካቆማቸው ገዳማት ዋናውን ስንመለከት ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያጋድላል። ከኮሎኝ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የዚግቡርግ ተራራ የሎታሪንጊያው የቤተ መንግሥት መኰንን የሃይንሪሽ ምሽግ ነበር። ሃይንሪሽ ከአኖ ጋር ተዋግቶ ተሸንፎ ተራራውን ለቀቀ፤ ኋላ አእምሮውን ስቶ በ1060 ሚስቱን ገደለና በኤሽተርናህ ገዳም ተዘግቶበት ቀረ። አኖ በምሽጉ ላይ በ1064 የቅዱስ ሚካኤልን ገዳም ሠራ። በ1070 ከሮም ሲመለስ በሰሜን ኢጣሊያ ፍሩቱአሪያ በሚባል ገዳም የመነኮሳቱን ጥብቅ ሥርዓት አይቶ ተደነቀና አሥራ ሁለት ገደማ መነኮሳት ይዞ መጣ። ሥርዓታቸው ከዚግቡርግ ወደ ዛልፌልድ፣ ወደ ግራፍሻፍትና ወደ ሌሎችም ተስፋፋ። ላምፐርት ራሱ በ1071 ይህን አዲስ ሥርዓት ሊያጠና ተልኮ ለ14 ሳምንታት ያህል በዚግቡርግና በዛልፌልድ ተቀምጧል፤ ስለ አኖ የነገረን ብዙ ነገር ከዚያ የሰማው እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ይህን ያስታውሱ፤ ምስክራችን የቤቱን እንጀራ የበላ ሰው ነው።

አሁን ወደ 1074 የትንሣኤ ሰሞን እንምጣ። የሙንስተሩ ጳጳስ ፍሬድሪሽ በዓሉን ከአኖ ጋር አሳልፎ ሊመለስ ሆነ። የአኖ አሽከሮች የሚሄድበት መርከብ ሲፈልጉ የአንድ ሀብታም ነጋዴ መርከብ ዐይናቸውን ሳበው፤ ዕቃው ቶሎ ይራገፍ፣ ለሊቀ ጳጳሱ ሥራ ይፈለጋል አሉ። የነጋዴው ልጅ ደፋርና በከተማው የተወደደ ጎልማሳ ነበርና ጓደኞቹን ሰብስቦ አሽከሮቹን አባረረ፤ ሊያረጋጋ የመጣውን የከተማውን ሹምም መለሰው። አኖ ነገሩን በማብረድ ፈንታ በሚቀጥለው ችሎት እቀጣቸዋለሁ ብሎ ዛተ። ከጥቂት ወራት በፊት የቮርምስ ሰዎች ጳጳሳቸውን አስወጥተው ንጉሡን ተቀብለው ስለ ነበር፣ ንጉሡም ለዚህ ውለታቸው ከቀረጥ ነጻ ስላደረጋቸው፣ የኮሎኝ ነጋዴዎች እኛስ ከማን እናንሳለን ማለታቸው አልቀረም።

ማምሻውን ሕዝቡ ቤተ ጵጵስናውን በድንጋይ ደበደበ። አኖን ሰዎቹ እየጐተቱ ወደ ካቴድራሉ አስገብተው በሩን በትልልቅ መወርወሪያ ዘጉት። አመፀኞቹ ግምጃ ቤቱን ዘረፉ፣ የጸሎት ቤቱን ንዋያት አረከሱ፣ የወይን በርሜሎችን ከፍተው ምድር ቤቱን በወይን እስኪያጥለቀልቁት ድረስ አፈሰሱ፤ ተሸሽጎ የተገኘውንም አንድ ሰው አኖ መስሏቸው ገደሉት። ከካቴድራሉ ያመለጠበት መንገድ የሚገርም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች አንዱ ቤቱ ከከተማው ቅጥር ጋር የተያያዘ ነበርና ከጥቂት ቀናት በፊት ብቻ ቅጥሩን በስቶ ትንሽ የጓሮ በር ለመክፈት ከራሱ ከአኖ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ሌሊት በዚያች በር ወጥቶ በፈረስ ወደ ኖይስ አመለጠ።

በአራተኛው ቀን ከገጠሩ የተሰበሰበ ብዙ ጦር ይዞ ተመለሰ። የከተማው ሰዎች መቋቋም እንደማይችሉ አይተው በባዶ እግራቸው፣ የንስሐ ልብስ ለብሰው ወጡ። አኖ በማግስቱ መጥተው የቤተ ክርስቲያንን ቅጣት እንዲቀበሉ አዘዘ፤ በዚያች ሌሊት ግን ከ600 የሚበልጡ ሀብታም ነጋዴዎች ወደ ንጉሡ ሸሹ። የቀሩት ለቅጣቱ እንዲቀርቡ ሦስት ቀን ከተጠበቁ በኋላ የአኖ ወታደሮች ቤት ለቤት ገብተው ዘረፉ፤ ላምፐርት ይህ የሆነው ያለ አኖ ዕውቀት ነው ይባላል ብሎ ያልፈዋል። የነጋዴው ልጅና ጥቂት ሌሎች ዐይናቸው ጠፋ፤ ሌሎች ተገረፉ፣ ጠጕራቸውም ተላጨ፤ ሁሉም በገንዘብ ተቀጡ፤ የሸሹት ተወገዙ። የዐይን ማጥፋት ቅጣት በዚያ ዘመን በጌታቸው ላይ ለሚነሡ የታወቀ ቅጣት ስለ ነበር አኖ አዲስ ጭካኔ አልፈጠረም። ነገር ግን በአንድ ሰው ውስጥ ተበዳዩ፣ ከሳሹ፣ ዳኛውና ንስሐ ሰጪው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ከተማይቱ ሰው የሌለባት ያህል ጭር ማለቷን የተረከው ከጠላቶቹ ወገን የሆነ ሰው ሳይሆን አድናቂው ላምፐርት ነው።

ይኸው ላምፐርት ነው ሕልሙንም የነገረን። አኖ በመጨረሻው ዓመቱ፣ እግሩ በከባድ ቍስል እየተበላሸ ሳለ፣ እጅግ ያማረ አዳራሽ በሕልሙ ያያል። ያረፉ ጳጳሳት በዙፋን ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም መካከል ቀድሞት የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ሄሪበርት አለ። አንድ ባዶ ዙፋን አይቶ ሊቀመጥ ሲል የቮርምሱ ጳጳስ አርኖልድ ተነሥቶ፣ በነጭ ልብስህ ደረት ላይ ዕድፍ አለ፣ እርሱን ሳታነጻ አትቀመጥም ይለዋል። አኖ እያለቀሰ ነቅቶ ለአንድ ወዳጁ ሲነግረው፣ ወዳጁ ዕድፉ በኮሎኝ ሰዎች ላይ የያዝኸው ቂም ነው አለው። በቀጣዩ ትንሣኤ፣ በ1075፣ የተወገዙትን ፈታ፣ የተወሰደባቸውንም ንብረት መለሰ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1075 ሞቶ በዚግቡርግ ተቀበረ።

ሕልሙን ማን እንዳለመው ማረጋገጥ አይቻልም፤ በመጻፉ ግን አድናቂዎቹ 1074ን ሳያነጹ ቅዱስ ሊያደርጉት እንዳልቻሉ ያሳያል። ያን የማንጻት ሥራ ለመቶ ዓመት ያህል የሠሩት የዚግቡርግ መነኮሳት ናቸው፤ ተአምራቱን መዘገቡ፣ ገድሉን ጻፉ፣ በጀርመንኛ ረጅም መወድስም ተደረሰለት። ሮምም በሉክዮስ ሦስተኛ ዘመን፣ በ1183፣ ቅድስናውን አጸደቀች። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ ይህ ነው፦ ለቅድስና የቀረበው የካይዘርስቬርት ሤረኛ አልነበረም፤ የገዳም መሥራቹ፣ ሌሊት ሌሊት የሚጸልየው፣ ድኾችን የሚመግበው አባት ነበር፤ ያቀረቡትም ያ አባት ቤት የሠራላቸው ልጆቹ ናቸው። በዚያው ዘመን ዐፅሙን ያኖሩበት በወርቅ የተለበጠ ሣጥን ዛሬም በዚግቡርግ አለ፤ በጎንና ጎኑ የነበሩት የቅዱሳን ምስሎች ግን ጠፍተው፣ ይቀመጡባቸው የነበሩት ቦታዎች ባዶ ሆነው ይታያሉ።